ኩርባው ላይ ጠብቀኝ

ሰፈሩ የሚያውቃት እትዬ መቀስ ብሎ ነው። ስሙ ግማሹ ከሥራዋ፣ ግማሹ ከምላሷ የመጣ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ደግሞም ነገር ሲንዛዛባት ትንሽ ታዳምጥና ቁርጥ አድርጋ ትጥለዋለች። ባሏን ጋሼ መሪ ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ ከተማዋን ከተራራው ማዶ ካለው አገር ጋር የሚያገናኘውን አውቶብስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። የአውቶብሱን መሪ ስለሚይዝ መሪ ተባለ። «ቤት ሲገባስ መሪው ማነው?» የሚል ነገረኛ አይጠፋም። መልሱን እሱም እሷም ሰፈሩም ስለሚያውቁት ማንም አፉን አያበላሽም።

የእሷ ሱቅ ተራራው ግርጌ፣ ከመናኸሪያው አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ የተጠጋ አንድ ክፍል ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ የካውያ ጠረጴዛ፣ ሰው ሲራመድ የሚንቀጠቀጥ ረጅም መስታወት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ደንበኛ ልብሱን የሚለካበት በመጋረጃ የተከለለች ቦታ አለች። መስኮቱ ተራራውን ከእግር እስከ ራሱ ያሳያል። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚመጣው ያንን ተራራ ሊያይ ነው። ሆቴሎቹ ፊታቸውን ያዞሩት ወደዚያው ነው፤ የሆቴሎቹን መጋረጃ የሰፋችው ደግሞ እትዬ መቀስ ናት። ሰው ጠዋት ገለጥ አድርጎ «አቤት!» የሚልበትን መጋረጃ ሁሉ ዘምዝማ ያስረከበች ሴት፣ ራሷ ግን ተራራው ጫፍ ወጥታ አታውቅም ነበር።

ምክንያቱ መኪና ነው። ከመኪና ወገን የሚስማማት የስፌት መኪና ብቻ ነው። አዲስ ሙሽሮች ሳሉ ባሏ ሥራውን ሊያሳያት፣ ትንሽም ሊኮራባት፣ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጧት ጉዞ ጀመረ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሆዷ ተገለበጠ። ከጎኗ አንድ ቁምነገረኛ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ ገልብጦ አስቀምጦ ነበርና የሆነው ሁሉ የሆነው እዚያ ባርኔጣ ውስጥ ነው። ሰውየው ጨዋ ስለነበር፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እንደ ሾርባ ሳህን ይዞ፣ እንዳይፈስበት እየተጠነቀቀ፣ አውቶብሱ እስኪቆም ጠበቀ። እሷ እዚያው ወርዳ ቁልቁለቱን በእግሯ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ መኪና ላይ የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው አለች፤ ቃሏንም አላጠፈችም።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ ተራራው ቀረብኝ ብላ አልተከዘችም። ልጆች አሳደገች፣ ዳረች፣ ዩኒፎርም ሰፋች። አንድ ነገር ብቻ ታሳክካት ነበር። ባሏ ከላይ ሲመለስ አንዳንዴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ችግኝ ይዞ ይመጣል። አንዴ ጽጌረዳ፣ አንዴ እንጆሪ፣ አንዴ ስሙን የማያውቀው ትልልቅ ቅጠል ያለው ነገር።

ማን እንደሰጠው ስትጠይቀው «ከላይ ነው» ይላል።

«ከላይ እግዜር ነው ወይስ ሴት?»

«ሴት ናት። ጫፉ ላይ አትክልት ያላት።»

ከዚህ በላይ አያወራም፤ ደክሞት ስለሚመጣ እራቱን በልቶ ይተኛል። እሷ ግን «ናት» የምትለዋን ቃል ስታላምጥ ታድራለች። አሮጊት ብትሆን «ናቸው» ይል አልነበር? ስለዚህ ችግኞቹን ሁሉ ከቤቱ ጀርባ፣ የአሸንዳው ውሃ የሚንጠባጠብበት፣ ፀሐይ የማይጎበኘው ጥግ ላይ ተከለቻቸው። ይሙቱ ብላ ነው። እነሱ ግን አልሞቱም፤ ባለ ትልልቅ ቅጠሉማ እንደ ጉድ በቀለ።

በመጨረሻ ጋሼ መሪ ጡረታ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ ሸኘው፣ ጓደኞቹ አጨበጨቡለት፣ በማግሥቱ ጠዋት ተነስቶ ፂሙን ተላጨና የሚሄድበት አጣ። ሱቋ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰው ሲገባ «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። ደንበኛ ለመለካት መጋረጃ ውስጥ ስትገባ «በሩ ይዘጋ» ይላል። የካውያ ጠረጴዛውን ሲያንቀሳቅሱ ተነስቶ በእጁ «ኋላ፣ ኋላ፣ በቃ!» እያለ ያስገባል። እሷም በመሳቅና በመናደድ መሐል ሆና ሰነበተች። አንዲት ያረጀች ትንሽ መኪና ገዛ፤ ግን ከመናኸሪያው አጥር እስከ ቤቱ ደጃፍ ከመንዳት ሌላ ምን እንደሚሠራባት ግራ ገባው።

አንድ ቀን ለሠርጓ ቀሚስ የምታሰፋ ልጅ መጣች። ልትለካ ቆማ፣ ክንዷን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ ወሬ ጀመረች። ጋሼ ዕድሜውን ተራራው ላይ መኖሩን ስለምታውቅ፣ ሙሽሮቹ ፎቶ የሚነሱበት የሚያምር ቦታ እንዲጠቁማት ጠየቀችው። እሱም ደስ ብሎት ተቃና። ሁለተኛው ኩርባ ላይ አስፋልቱ ስለተቦረቦረ እንዳይቆሙ፣ ጥዱ ጋ ሲደርሱ ሬዲዮ እንደሚቋረጥ፣ ከዚያ በላይ ያለው ዳገት ሞተር እንደሚያግል ነገራት።

«እሱን አይደለም ጋሼ፤ የሚያምረው የቱ ጋ ነው?»

«እኔ እንጃ ልጄ» አለ ጋሼ መሪ። «አላየሁትም።»

ሙሽራዋ ቀልድ መሰላትና ሳቀች። እትዬ መቀስ ግን በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል ሳታወጣ ቀና ብላ አየችው። የባሏ ጆሮ ቀልቷል። ጆሮው የሚቀላው ሲያፍር ብቻ እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ነገሩን አነሳችው። ይሄን ሁሉ ዘመን ስትመላለስ እንዴት አላየኸውም አለችው። እሱም ዳቦውን እየቆረሰ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አሉ ብሎ ሊያልፈው ፈለገ። አላለፈችውም። በሱቋ መስኮት ተራራውን አሳየችው። የመኪናው መንገድ ተራራው ላይ እየተጠማዘዘ፣ ወዲያ ሄዶ ወዲህ እየተመለሰ ይወጣል፤ ልክ ዚግዛግ ስፌት ነው። ግን ትኩር ብሎ ላየ ሰው በመሐሉ ቀጥ ብላ የምትወጣ አንዲት ቀጭን መስመር አለች። የመኪና መንገድ ሳይኖር በፊት እግረኛ የሚወጣበት አቋራጭ ናት። እያንዳንዱ ኩርባ አካባቢ መንገዱን ትነካና እንደገና ዳገቷን ትያያዘዋለች።

«እሁድ እንወጣለን» አለችው። «አንተ በመኪናህ፣ እኔ በእግሬ። ኩርባው ላይ ጠብቀኝ።»

ጋሼ መሪ ብዙ ምክንያት ደረደረ። ዳገቱ ልብ ያፈርሳል አለ፤ ዝናብ ይመጣል አለ፤ በመጨረሻም ጉልበትሽስ ብሎ ጠየቃት።

«ዕድሜዬን ሙሉ የስፌት መኪና ስረግጥ የኖርኩት በክርኔ መሰለህ?» አለችው። ነገሩ ተቆረጠ።

እሁድ ጠዋት ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ብርቱካንና አንድ ፔርሙስ ሻይ ይዘው ወጡ። ምግቡ በመኪና ሄደ፤ እሷ ብርቱካኖቹን ብቻ በከረጢት አንግታ አቋራጩን ያዘች። ሰው ያየኛል ብላ መጀመሪያ ላይ እንደ ጎረምሳ ፈጠነች፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ከደረቷ ሳይሆን ከጆሮዋ የሚወጣ መሰላት። ባሏ ከመኪናው ወርዶ በሩን ከፍቶላት ቆሟል፤ ሰው ሁሉ የሚሳፈር ይመስለዋል። ሻይ ቀዳላት። ከዚያ ወዲያ የራሷን ልክ አገኘች፤ እግሯን ስፌት መኪና ላይ እንደምታደርገው አንድ ዓይነት ምት አስያዘችው፤ ዳገቱም እንደ ረጅም ጠርዝ ስፌት ሳይታወቅ ያልቅላት ጀመር።

ሁለተኛው ኩርባ ጋ ሳትደርስ ድምፅ ሰማች፤ ብቅ ስትል ከድንጋዩ ላይ የሚወረወር ፏፏቴ አየች። ነጭ ነው፤ ነፋስ ሲመታው ወደ ጎን እንደ መጋረጃ ይነሳና መንገዱ ላይ ይረጫል። ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ሽበት በቅሎበታል፤ በየስንጥቁ ቢጫ አበባ ተሰክቷል። ባሏ ከፏፏቴው ሥር አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ፊቱ ሁሉ ርሷል።

እዚህ ቦታ ሁልጊዜ መስታወቱ ይረጥብ እንደነበር ነገራት። ቢጫዋን መጥረጊያ ጨርቅ ዳሽቦርዱ ላይ የሚያስቀምጠው ለዚህ ቦታ ነበር። የመስታወት መጥረጊያውን ያስነሳል፣ ያልፋል፣ ያጠፋል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ለማየት ቀና ብሎ አያውቅም። ይህንን ሲናገር በጣም ገርሞት ነው እንጂ አላዘነም፤ እንዲያውም እጁን ዘርግቶ ውሃውን በመዳፉ ይይዝ ነበር።

ሦስተኛው የባርኔጣው ኩርባ ነው። ደረሰች፣ ቆመች፣ ሁለቱም ተያዩና እስኪደክማቸው ሳቁ። ያ ክፉ ቦታ እንዲህ የሚያምር መሆኑን ማን ያውቃል። ከተማዋ ከታች እንደ ልብስ ቁልፍ ሳጥን ተደፍታ ትታያለች፤ የመናኸሪያው ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፤ የእሷን ሱቅ ለመፈለግ ብዙ ተጨቃጨቁ። እሱ እዚያ ነው ሲል እሷ እዚህ ነው እያለች፣ በመጨረሻ ማናቸው እንደተሳሳቱ ሳይጣራ እንቁላሉ አለቀ።

አራተኛው ኩርባ ድረስ ያለው አቋራጭ ከሁሉም ረጅም ነው፤ ጥዱ ውስጥ ያልፋል። አጋማሹ ላይ ሳለች ጉም ወረደ። መጀመሪያ የዛፎቹ ጫፍ ጠፋ፣ ቀጥሎ ዛፎቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ የገዛ ጫማዋ። እግሯ ሥር የነበረው የተረገጠ አፈር ሳር ሆነ፤ መንገዱን እንደለቀቀች ያወቀችው በዚያ ነው። ከላይ የመኪናው ክላክስ ጮኸ። ባሏ እየጠራት ነው። ግን ድምፁ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ ይመጣል። ወደ ቀኝ ጥቂት ተራመደች፤ ከእግሯ ሥር ድንጋይ ተንከባለለ። ሲያርፍ ለመስማት ጆሮዋን አቆመች። ሳያርፍ ቆየ።

በአራት እግሯ ወደ ኋላ ሄደችና እጇ ያገኘውን ዛፍ አቅፋ ተቀመጠች። መቀሱ ምላሷ ተጣብቋል። የጠፋ ሰው ባለበት ይቁም ይባል ነበር፤ እሷም ቆመች፤ ማለት ተቀመጠች። እጄን ሥራ ላስይዘው ብላ ብርቱካን አውጥታ ትልጥ ጀመር። ክላክሱ ይጮኻል፣ ያርፋል፣ ይጮኻል። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ማለቱ ከመጮኹ ይልቅ አስፈራት። ሰው ሊጠራ ወደ ታች ወርዶ ይሆናል፤ ተስፋ ቆርጦ ይሆናል፤ ወይ ደግሞ አንድ ነገር ሆኖ ይሆናል። ሁለተኛውን ብርቱካን መላጥ ያዘች።

ብዙ ቆይቶ ከላይ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማች። ቀጥሎ ዳገት ላይ እንደሚያቃስት አሮጌ አውቶብስ ያለ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ መንገዱንና የመንገዱን ዘር ማንዘር የሚራገም ድምፅ መጣ።

«አንቺ!» አለ ድምፁ።

«አለሁ።»

«የት?»

«እዚሁ።»

«እዚሁ የት ነው?»

አሰበችና «ብርቱካን ይሸትሃል?» አለችው። «ወደ ሽታው ና።»

ጋሼ መሪ በመቀመጫው እየተንሸራተተ፣ ሆዱን አስቀድሞ፣ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ከመኪና ወርዶ ይህን ያህል መንገድ በእግሩ የሄደበትን ጊዜ እሷ አታስታውስም፤ እሱም አያስታውስም። ቀና ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ሱሪውን ቀደድከው» አለችና አለቀሰች።

እሱ አጠገቧ ተቀመጠና ብርቱካኑን ወሰደ። ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ትንፋሹ እስኪመለስ በሉ። ከዚያ መኪናውን የት እንዳደረገው ጠየቀችው። ጥያቄው የዋዛ አልነበረም፤ ጋሼ መሪ ለሽንት እንኳ ሲወርድ መኪናውን ዞር እያለ የሚያይ ሰው ነው።

«ቁልፉ እላዩ ላይ ነው መሰለኝ» አለ። «ጥዬው መጣሁ።»

«ከፍተህ?»

«ከፍቼ።»

ይህን ቃል ለብዙ ጊዜ ከማንኛውም ስጦታ በላይ አስቀመጠችው። እሱ ደግሞ ጉሙ የሰውን ፊት ስለሚሸፍን ይሁን አይታወቅም፣ ያን ቀን ሙሽራዋ ፊት ያላወጣውን ነገር አወጣ። ከኋላህ ሰው ሞልቶ፣ እናት ልጇን አቅፋ ተኝታ፣ ገደሉ በዚህ በኩል እያለ እንዴት ብለህ ወደ ጎን ታያለህ አለ። «ዓይኔ የኔ አልነበረም እኮ። የተሳፋሪው ነበር።»

«ዛሬስ ማን ተሳፍሯል?»

«አንቺ።»

«እኔ በእግሬ ነኝ» አለችው። «ዓይንህን ውሰድ።»

ጉሙ እንደ መጣው ሄደ። መጀመሪያ ጫማቸው፣ ቀጥሎ ዛፎቹ ተመለሱ፤ ቀጥሎ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ሸለቆው ሙሉ በነጭ ጉም ተሞልቶ፣ የሌሎች ተራሮች ራስ ብቻ ከላዩ ብቅ ብቅ ብሎ ታያቸው። ፀሐይዋ ከበላዩ ናት። ድንጋዩ የተንከባለለበትን ቦታ ፈለገችው፤ ቅርብ ነበር፤ ወደ ታች ለማየት አንዴ አንገቷን አስግጋ ሁለተኛ አላየችም። ባሏ ክንዷን እንደያዘ አልለቀቀም። ዳገቱን አብረው ወጡት። በየጥቂቱ እያረፉ፣ እሱ እያማረረ፣ እሷ እያላገጠች። መኪናዋ በሯ እንደተከፈተ፣ ማንም ሳይነካት፣ አንዲት ወፍ መሪው ላይ ተቀምጣ አገኟት።

ጫፉ ላይ፣ ድሮ መንገዱን የሠሩት ሰዎች ካምፕ በነበረበት ሜዳ፣ አንድ የቆርቆሮ ቤትና አንድ አትክልት ቦታ አለ። እትዬ መቀስ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ለጠብም ለሰላምታም የሚሆን ፊት አዘጋጀች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ግን ሁለቱንም ረሳችው። ያ ሁሉ አበባ የበቀለው ጎማ ውስጥ ነው። የአውቶብስ ጎማ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ፤ የሬንጅ በርሜልም ለሁለት ተሰንጥቆ እንጆሪ ሞልቶበታል። በጎማዎቹ መሐል ጠጠር የፈሰሰባት ጠባብ መንገድ እየተጠማዘዘች እስከ ገደሉ አፋፍ ትወስዳለች፤ እዚያ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ጋሼ መሪ ያለቀ ጎማ እየጫነ ሲያመጣ፣ በምትኩ ችግኝ ሲቀበል ኖሯል። ነገሩ ይኸው ነው።

ከጎማዎቹ ኋላ ጎንበስ ብላ ትኮተኩት የነበረች ሴት ቀና አለች። ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ለሁለቱም እናት የምትሆን አሮጊት ናት።

እትዬ መቀስ ወደ ባሏ ዞረች። «ናት?» አለችው በሹክሹክታ።

ሴትየዋ ግን ጆሮዋ አላረጀም። ማንም እዚህ ግቢ አንቱ እንዲላት እንደማትፈቅድ፣ አንቱ ያላት ሰው ችግኝ እንደማያገኝ እየሳቀች ነገረቻት። ባሏ ግሬደር ነጂ ነበር፤ መንገዱ አልቆ ጓዶቹ ሲበተኑ፣ እነሱ አየሩ ተስማምቷቸው ቀሩ፤ እሱ ካረፈ በኋላም እሷ አልወረደችም። ብቻዋን ስለምትውል «አንቱ» የሚለው ቃል ይበልጥ ብቸኛ ያደርገኛል ባይ ናት። ስለዚህ እኛም በፈቃዷ አንቺ እንዳልናት እንቀጥላለን።

አስገብታ አስቀመጠቻቸው፤ ሻይ አፈላች። እትዬ መቀስን ደግማ ደጋግማ አየቻትና «ባለ ባርኔጣዋ አንቺ ነሽ?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ መሪ ቤቱ ሲገባ ዝም የሚለውን ሁሉ እዚህ ሲያወራው ኖሯል። የልጆቹን ስም ታውቃለች፤ ሚስቱ የትኛውን ሆቴል መጋረጃ እንደሰፋች ታውቃለች፤ ወረቀት ሳትጠቀም በዓይኗ ቀሚስ እንደምትቆርጥ ታውቃለች። ሰውየው ይህን ሁሉ በሷ ሲኮራ ኖሮ፣ ለሷ አንድም ቀን አልነገራትም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የችግኞቹ ነበር። ጸደቁ ወይ? እትዬ መቀስ ልትዋሽ አሰበችና አልሆነላትም። ጠርጥራ፣ ይሙቱ ብላ፣ አሸንዳ ሥር ጨለማ ውስጥ እንደተከለቻቸው ተናገረች። ትልልቅ ቅጠል ያለው ነገር አሁን መስኮት እስከ መድፈን መድረሱንም ጨመረች።

አሮጊቷ ኩባያዋን አስቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ያ ተክል ጥላና እርጥበት እንጂ ሌላ አይፈልግም። «ብትወጂው ኖሮ ፀሐይ ላይ አውጥተሽ ትገድይው ነበር» አለቻት።

ጋሼ መሪ ምን እንደተጠረጠረ የገባው ያን ጊዜ ነው። ጆሮው እንደገና ቀላ፤ ግን ፈገግ ብሎ ነበር፤ ይሄን ያህል ዘመን የሚቀናበት ሰው መሆኑ ደስ ብሎታል።

ከዚያ እሁድ በኋላ ሌላ እሁድ ሄዱ፤ ከዚያም ሌላ። ወሬው ሰፈር ገባ። መጀመሪያ ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪዋ ልከተል አለች፤ ቀጥሎ የፋርማሲው ሰውዬ። ቀስ በቀስ ልማድ ሆነ። መራመድ የሚችለው ከእትዬ መቀስ ጋር በአቋራጩ ይወጣል፤ ጉልበቱን የሚያመው፣ ልጅ ያዘለው፣ ኮት የከበደው ከጋሼ መሪ ጋር በመኪና ይሄዳል፤ በየኩርባው ይገናኛሉ፣ ይቀያየራሉ። ፏፏቴው ጋ ሲደርሱ ጋሼ መሪ ሞተር አጥፍቶ ይወርድና «እዚህ ጋ ሁሉም ቀና ይበል» ይላል። ቀና የማይል ሰው መኪናው ውስጥ አይመለስም። ያቺ ሙሽራም ፎቶዋን የተነሳችው እዚያ ነው፤ የቀሚሱ ጫፍ ረጥቦ ጭቃ ነካው፤ እትዬ መቀስ ግን አልተናደደችም፤ ከዚያ በፊት የሠራችው ልብስ ሲበላሽ ያልተናደደችበትን ቀን ብትጠይቋት አታስታውስም።

በጉም ጊዜ ግን ጥዱ ውስጥ አትገባም። ያንን ቁም ነገር ከዚያች ቀን ይዛዋለች፤ ሌላውንም አታስገባም። ሰማዩ ትንሽ ከነጣ፣ ሁሉም የባርኔጣው ኩርባ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ከመሸም ይመለሳል። ደፋር ነኝ የሚል ጎልማሳ ካለ ምላሷን ይቀምሳል።

ባለፈው ዓመት ብርዱ ሲጠና የአሮጊቷ አጥንት እምቢ አለ። ቆላ ያለች የወንድሟ ልጅ መጥታ ልትወስዳት ሆነ። አሮጊቷ ለመሄድ አላንገራገረችም፤ ግን አትክልቱን ማን እንደሚያይላት ሳታውቅ አልንቀሳቀስም አለች። ዞራ ማንን እንደምታይ ሁሉም ያውቃል። ጋሼ መሪ ሚስቱን አየ። እትዬ መቀስ ጎማዎቹን አየች። ሱቅ አለኝ አለች፤ ደንበኛ አለኝ አለች፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ ጠየቀች። ወደ ሸለቆው ነው ተባለች።

ስለዚህ በጋውን እላይ ይከርማሉ፤ ክረምቱን ከተማ ይወርዳሉ። አንደኛዋን የስፌት መኪና አውቶብሱ ጣሪያ ላይ አስረው አወጡላት። መኪናዋ በመኪና ሄደች፤ ባለቤቷ በእግሯ ተከተለች። የሚሰፋ ጨርቅ ጠዋት በአውቶብሱ ይላክላታል፤ የተሰፋው ከሰዓት በኋላ በዚያው ይወርዳል። ጋሼ መሪ ውሃ ያጠጣል፣ ያርማል፣ ጎማ ይቀባል፤ ከመንገድ ወጥቶ አትክልቱን ሊያይ የሚገባውን እንግዳ ሁሉ «ኋላ፣ ኋላ፣ በቃ!» እያለ መኪናውን ያስቆመዋል። እንጆሪው አምና በውርጭ ተመትቶ ነበር፤ ዘንድሮ እሷ ከተረፈ መጋረጃ ልብስ ሰፍታለት ተረፈ። አሮጊቷ ከቆላ በስልክ እየደወለች ታዛለች፤ አንዱን ጎማ ወደ ግራ አንቀሳቅሱት ካለች፣ ይንቀሳቀሳል።

ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ሌላ ሸንተረር አለ፤ መኪና ጭራሽ የማይደርስበት፣ ጫፉ ላይ ሁለት ዛፍ ብቻ የቆመበት። እትዬ መቀስ ከጓሮው ስታየው ሰንብታ፣ ዝናቡ ሲያባራ እንደሚሄዱ ቆርጣለች። ጋሼ መሪ ኩርባ እንኳ የለውም እኮ፣ የት ላይ ነው የምጠብቅሽ ብሎ ተከራከረ። መጠበቅ ቀርቷል፣ አብረን ነው የምንሄደው አለችው። አሁን የዳገት ጫማ እያፈላለገ ነው። እግሩ ትልቅ ስለሆነ ልኩ እስካሁን አልተገኘም።